የእንቁራሪት ዝምታ፤ ከደጎሎ እስከ ቦርከና

ሰኔ ሲገባ እናቴ ከደጎሎ ትደውልልኛለች። የምትደውለው ማታ ነው፤ ከብቱ ከገባ፣ እራት ከተበላ በኋላ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታመመውና ስላረፈው ሰው ትነግረኛለች። እኔም ስለ ኮምቦልቻ ኑሮዬ፣ ስለ ባንኩ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ እነግራታለሁ። በመካከላችን ግን ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ተናጋሪ አለ፤ ከእናቴ ድምፅ በስተጀርባ፣ ከጓሮው ረግረግ የሚነሣ የእንቁራሪቶች ጩኸት። ባለፈው ክረምት እናቴ ወሬዋን በመሐል አቋረጠችና፣ «ልጄ፣ አንተ ዘንድ እንቁራሪት የለም እንዴ? በአንተ በኩል ጭር ብሎብኛል» አለችኝ።

ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የምኖረው ከወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ዝናቡም የደጎሎው ዝናብ ወንድም ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ወንዙ ሰጠሁ። የመኪና ድምፅ ሰማሁ፣ የውሻ ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላ ምንም አልሰማሁም። ያን ሌሊት ግጥም ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። እያደር ግን ነገሩ ከግጥም ይልቅ ታሪክ ሆነብኝ። እነሆ፣ አንባቢ ሆይ፣ ያቺን የእናቴን ጥያቄ ለመመለስ የሞከርኩት እንዲህ ነው።

*

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በወረኢሉ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ሰፊ የደጋ ሜዳ ይቀበለዋል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሕፃን እግር የሚውጥ፣ በክረምት ደግሞ ውኃ አላሰርግ ብሎ ሜዳውን ሁሉ ረግረግ የሚያደርግ። ገበሬው ውኃውን ለማጠንፈፍ ቦይ ሲያወጣ ይከርማል። ለገበሬው መከራ የሆነው ይህ የተኛ ውኃ ለእንቁራሪት ግን ቤት፣ ሠርግና ማሳደጊያ ነው። አያቴ የዘር ቀን የምትቆጥረው በጆሮዋ ነበር። «እንቁራሪቷ ሳትጮህ ዘር ከጎተራ አይወጣም» ትል ነበር። የአየር ጠባይ ትንበያ በሬዲዮ መስማት ከጀመርን በኋላም አያቴ የምታምነው ያችኑ የረግረጓን ነጋሪ ነበር።

ለእነዚህ ፍጥረታት ቋንቋችን ስስታም አይደለም። እንቁራሪት አለች፤ ቆዳው ሸካራ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ጉርጥ አለ፤ በኦሪት ዘጸአት በፈርዖን ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች ሁለተኛው ሆኖ የምናነበው ጓጉንቸር አለ። እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚለውን ተረት ያልሰማ ልጅ የለም። ይሁንና በተረታችን ውስጥ እንቁራሪት ሁልጊዜ መሳቂያ ናት፤ ማንም ቆም ብሎ ማንነቷን የጠየቃት አይመስልም።

የጠየቋት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1900 እና በ1901 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ያቋረጠው ጀርመናዊ ኦስካር ኖይማን፣ በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. የመጣው እንግሊዛዊ ኦመር ኩፐር እንስሳት እየሰበሰቡ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች አስገብተዋል። ዛሬ በደጋችን ረግረግ ከሚዘሉት የሣር እንቁራሪቶች አንዱ በሳይንስ ስሙ የኖይማን፣ ሌላው የኩፐር ተብሎ ይጠራል። በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ አርባ የሚያህሉት ከዚህች አገር በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ቆጠራው ገና አላለቀም። በ2021 እ.ኤ.አ. እንኳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች አራት አዳዲስ የሣር እንቁራሪት ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል።

ወረኢሉን ታሪክ ያውቃታል። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው የተሰበሰበባት ናት። በዚያ ጥቅምት ስንት ድንኳን እንደተተከለ፣ የትኛው መኰንን በየት እንደሰፈረ የሚጠይቅ ተመራማሪ አይጠፋም። ያ ሁሉ ፈረስና በቅሎ የጠጣው ውኃ ግን ታሪክ የለውም። ለወንዝ ዜና መዋዕል የሚጽፍለት ጸሐፊ ትእዛዝ አልነበረውም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ የዚያ ያልተጻፈው ወገን ነው።

*

እንቁራሪትና ብረት በዓለም ታሪክ መጀመሪያ የተገናኙት በጠላትነት አይደለም። በ1780ዎቹ በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለ ሐኪም የሞተች እንቁራሪት እግር በነሐስ ሜንጦ ወግቶ ከብረት አጥር ጋር ሲያነካካው እግሩ ተወራጨ። ጋልቫኒ ኤሌክትሪኩ የመነጨው ከእንስሳዋ ሥጋ ነው አለ፤ በ1791 እ.ኤ.አ.ም ይህን አሳተመ። የአገሩ ሰው አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ምንጩ የሁለቱ ልዩ ልዩ ብረቶች መነካካት ነው ብሎ ተከራከረው። ክርክሩን ሲያረጋግጥም በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። እንግዲህ በኪሳችን የምንይዘው ባትሪ ሁሉ ትውልዱ ሲቆጠር ከአንዲት እንቁራሪት እግር ይደርሳል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በትምህርት ቤታችን ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ የምናጠቁረው እኛው ተማሪዎች ነበርን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤቱ እንሰበስባለን፤ ሰብረን ውስጡን ጥቁር ዱቄት እንወቅጣለን፤ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን ሰሌዳውን እንቀባለን። ከዚያ እጃችንንና መውቀጫውን የምናጥበው ከትምህርት ቤቱ በታች በምትወርደው ጅረት ነበር። የድንጋዩን ቅርፊትም እዚያው እንጥለዋለን። ቅርፊቱ ዚንክ፣ ዱቄቱ ማንጋኒዝ መሆኑን የነገረን አልነበረም። በዚያችው ጅረት ዳር፣ በሣሩ ሥር፣ እንደ ተልባ ሙልጭልጭ ያለ የእንቁራሪት እንቁላል ተንሳፎ እናየው ነበር፤ በእንጨትም እንነካካው ነበር። ከእንቁራሪት የተወለደው ባትሪ ወደ እንቁራሪት ቤት የተመለሰው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ፋብሪካን ከመውቀሴ አስቀድሞ የራሴን እጅ ማስታወስ ግድ ሆነብኝ።

*

ለመሆኑ ብረት እንቁራሪትን ምን ያደርጋታል?

መልሱ ከቆዳዋ ይጀምራል። የእኛ ቆዳ በር ቢሆን የእንቁራሪት ቆዳ ወንፊት ነው። ውኃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ ከትንፋሿም ብዙው በዚሁ በቆዳዋ ያልፋል። በውኃው የሟሟ ነገር ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባል። እንቁላሏም እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ ዝልግልግ ልባስ ብቻ ነው ያለው። ከእንቁላሉ የሚወጡት ጭራ ያላቸው ግልገሎች ደግሞ ከውኃው ወለል ደለልና አልጌ እየጋጡ ያድጋሉ፤ ከባድ ብረት የሚቀመጠውም እዚያው ደለል ላይ ነው። ከፍ ብላ መሬት ስትወጣ ነፍሳት ትበላለች፤ ሽመላውና እባቡ ደግሞ እርሷን ይበሏታል። አንዲት እንቁራሪት በሁለት ዓለም ስለምትኖር የሁለቱንም ዓለም ዕዳ ትከፍላለች።

ተመራማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንቁራሪትን የውኃ ምስክር አድርገዋታል። የአንድን ኬሚካል ጠባይ ለማወቅ ሲሹ የአፍሪካዊቷን ባለ ጥፍር እንቁራሪት ጽንስ ለ96 ሰዓት በዚያ ውኃ ውስጥ ያቆዩታል፤ ከዚያም ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ጎበጠ፣ ስንቱ ሳያድግ ቀረ ብለው ይቆጥራሉ። መዳብ፣ ካድሚየም፣ ዚንክ፣ እርሳስ በዚህ ፈተና ክፉ ስም አላቸው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ የድንጋይ ከሰል አመድ በሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ያደጉ ግልገሎች አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ሴሊኒየም በሰውነታቸው ተገኝቶባቸዋል። የአፋቸው ጥቃቅን ጥርሶች ረግፈዋል፤ ጭራቸው ተጣሟል። ጥርስ የሌለው ግልገል አልጌ መጋጥ አይችልም፤ ጭራው የተጣመመም ከጠላቱ አያመልጥም። ሞቱ እንግዲህ የግድ ከመርዙ በቀጥታ አይመጣም፤ በረሃብና በአዳኝ አፍ በኩል ዞሮ ይመጣል።

ከሁሉ የባሰ ያሳዘነኝ የቨርጂኒያው ታሪክ ነው። በዚያ ሳውዝ ሪቨር በተባለው ወንዝ ከ1929 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ከአንድ ፋብሪካ ባዝቃ ፈሰሰ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በወንዙ ዳር ያሉትን ጉርጦች ሲመረምሩ እናቶቹ በሰውነታቸው የያዙትን ባዝቃ ለእንቁላሎቻቸው እንደሚያወርሱ አገኙ። ፋብሪካው ማፍሰሱን ባቆመ ጊዜ ያልነበሩ ጉርጦች፣ ያልነበሩ ጉርጦች የወለዷቸው፣ ዕዳውን እየከፈሉ ነበር።

*

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ።

ቆዳ ማልፋት ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በደጋው በእምቧይ ፍሬና በሌላም ዕፅ ቆዳ ሲለፋ፣ አቆማዳው፣ ስልቻው፣ ጠፍሩ፣ የብራናው መጽሐፍ ሲሠራ ኖሯል። ሠሪዎቹን «ፋቂ» እያልን ስናዋርድ፣ በሠሩት ጠፍር አልጋ ላይ ግን ተደላድለን እንተኛ ነበር። ያ ጥበብ ዘገምተኛ ነው፤ የሚያፈሰው ውኃም ይሸታል እንጂ ክሮሚየም የለበትም። በ1884 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ኦገስተስ ሹልዝ ቆዳን በክሮሚየም ጨው የማልፋትን ዘዴ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ የሰዓታትና የቀናት ሆነ። ቆዳው ለስላሳ፣ ሙቀትና ውኃ የሚችል ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ግን ቆዳው የተሰጠውን ክሮሚየም ሁሉ አይጠጣም፤ ከሲሶ የማያንሰው ብዙ ጊዜ ከውኃው ጋር ይቀራል። የሚለፋበት ክሮሚየም ከሌላው ወንድሙ፣ ካንሰር አምጪ ከሆነው ባለ ስድስቱ ይልቅ መርዙ የቀለለ መሆኑ እውነት ነው፤ ሲበዛ ግን ለውኃ ፍጥረት ቀላል አይደለም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቆዳው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ሥጋው፣ ብረቱ በአንድ ሸለቆ ተሰባስበዋል። በከተማይቱ ለዮሌና ወርቃ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ያልፋሉ፤ ውኃቸውም ወደ ቦርከና ይገባል። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ክረምቶች እስክንድር ዝናቡ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የአምስት ፋብሪካዎችን ፍሳሽና የሁለቱን ወንዞች ውኃ ለካ፤ ውጤቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ።

የእኔ እንጀራ ቁጥር ነውና ቁጥሩን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተገኘው የክሮሚየም መጠን መካከለኛው በሊትር 26,600 ማይክሮግራም ደርሷል። በብረት ማቀነባበሪያ ፍሳሽ የዚንኩ መካከለኛ በሊትር 155,750 ማይክሮግራም ሆኗል። ሁለቱም የኢትዮጵያንም የአሜሪካንም መመሪያ እጅግ ያለፉ ናቸው። የቢራው፣ የጨርቁና የሥጋው ፍሳሽ በብረት ረገድ ከመመሪያው አላለፈም፤ ይህንም መናገር ፍትሕ ነው። በለዮሌ ወንዝ ከፋብሪካው በላይ 51 ማይክሮግራም የነበረው ክሮሚየም፣ ፍሳሹ ከሚቀላቀልበት ዝቅ ብሎ 2,660 ሆኗል፤ ይህ 52 እጥፍ ነው። ዚንኩም ከ110 ወደ 520 አድጓል። ልብ በሉ፣ ይህ የተለካው ወንዝ በሚሞላበት፣ መርዝም በሚቀጥንበት በክረምት ነው፤ እንቁራሪት እንቁላሏን በምትጥልበት ወራት።

ጥናቱ የለካው ውኃ እንጂ እንቁራሪት አይደለም። የእኔም ጆሮ መለኪያ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ጭርታ ማንንም አልከስስም። ደግሞም እንቁራሪትን የሚያጠፋት ብረት ብቻ እንዳልሆነ ሊነገር ይገባል። በ2004 እ.ኤ.አ. በተደረገው የዓለም ቆጠራ ከእንቁራሪትና ከዘመዶቿ ዝርያዎች ሲሶው ለመጥፋት የተቃረበ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ 41 ገደማ ሆኗል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የመኖሪያ መጥፋት ነው፤ ቆዳን የሚያጠቃ የሻጋታ በሽታና የአየር ንብረት መለወጥም ተጨምረውበታል። ብረት በዚህ ሁሉ ላይ የሚመጣ ተጨማሪ ሸክም ነው። ሸክም የበዛበትን አህያ የጣለችው የመጨረሻዋ ቁና ናት ብሎ መፍረድ ግን አይቻልም።

ቦርከና ከኮምቦልቻ ወርዶ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ወፍ የሚከርምበት ሣር ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደ ዓባይ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በባንክ ቤት ወጪ ሆኖ ከመዝገብ የጠፋ ገንዘብ የለም፤ በአንዱ ሒሳብ ቢቀነስ በሌላው ይደመራል። ብረትም እንዲሁ ነው። አይበሰብስም፣ አይተንም፤ ከፋብሪካው ሒሳብ ቢወጣ በደለሉ፣ በሣሩ፣ በከብቱ ሒሳብ ይገባል።

*

እንግዲህ ፋብሪካው ይዘጋ? በትንሽ መስኮት በኩል የደመወዝ ቀን ሰው የማስተናግድ እኔ እንዲህ ማለት አልችልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱም። የፋብሪካ ዝምታ ምን እንደሚመስል ያኔ አይተነዋል፤ ጎረቤቴ ወራት ሙሉ ልጆቿን በዘመድ እጅ አሳድራለች። የእንቁራሪቷን ዝምታ በሰው ረሃብ መለወጥ ፍርድ አይደለም።

ደግሞስ ደጎሎ ከደሙ ንጹሕ ናት? የፋሲካ በግ ሲታረድ ሌጦውን የሚገዛ ነጋዴ በር ላይ ይቆማል። የወሎ ደጋ ቆዳና ሌጦ በጭነት መኪና ወደ ፋብሪካ ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ጥሬና ከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይሄድ 150 ከመቶ ቀረጥ ሲጥል የታሰበው መልካም ነበር፤ ሥራውና ትርፉ በአገር ይቅር ተባለ። ቀረልን። ከትርፉ ጋር ግን ፍሳሹም ቀረ። የእናቴ በግ ሌጦ ከአንድ የፋሲካ ማግሥት ተነሥቶ በእኔ ሰፈር ወንዝ አጠገብ ሳያልፍ አልቀረም። ውኃችን በሁለት ወገን ይሄዳል፤ የደጎሎው በወንጪት ወደ ዓባይ፣ የኮምቦልቻው በቦርከና ወደ አዋሽ። ቆዳው ግን የተፈጥሮን ድንበር ተሻግሮ ያገናኘናል።

መድኃኒቱ ከሰማይ የሚጠበቅ አይደለም። ከፍሳሹ ውስጥ ክሮሚየሙን በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ አዝቅጦ መለየት፣ ከዚያም በአሲድ አሟሙቶ እንደገና ለማልፊያ መጠቀም የታወቀ ሥራ ነው። ያመለጠው ክሮሚየም በገንዘብ የተገዛ ነውና ማዳኑ ለባለቤቱም ትርፍ አለው። ሕጉም አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ያ ጥናትም ያለው ይህንኑ ነው፤ ጎደለ ያለው ሕጉ ሳይሆን ማስፈጸሙ ነው፣ የኢንቨስትመንቱ ጉጉትና የቁጥጥሩ ጉልበት አለመመጣጠን ነው። መብቱ የተሰጠው «ለሁሉም ሰው» ተብሎ ነው። ይሁንና እንቁራሪቷ የምትኖርበትን ውኃ ያልጠበቀ፣ የሰውየውንም መብት የሚጠብቅበት ሌላ ውኃ የለውም።

በነሐሴ ለእናቴ መልሼ ደወልኩ። ይህን ሁሉ ቁጥር አልነገርኳትም። «እማዬ፣ ወንዛችን ብረት በዝቶበታል ይላሉ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እና እናንተ የምትጠጡት ምንድን ነው?» አለች። የተማሩት ሰዎች በብዙ ገጽ የጻፉትን እርሷ በአንድ ጥያቄ ደረሰችበት። ከዚያ ስልኩን ወደ ጓሮው አዙሪልኝ አልኳት። አዞረችልኝ። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳንነጋገር አብረን ሰማን።

ያን ሌሊት የጀመርኩት ግጥም ከሁለት መስመር አላለፈም። ለእናንተ ልተወውና ላብቃ፤

ክረምት ገባ አሉኝ፣ ወንዙም ሞልቶ ሄዷል፤
ዘፋኟ ጠፍታ ግን፣ ማን ያበስረዋል?

ቸር ይግጠመን።